የሶፍትዌር ጥቅልን ለራስ ማስማማት፦ ከጉሙዝኛ ፊደላት የሚገኝ ትምህርት

መግቢያ

በመተከል ዞን፣ በገነተ ማርያም፣ 20 ኮምፒዩተሮች ያሉት አንድ የትምህርት ቤት ክፍል አለ እንበል። ኮምፒዩተሮቹ የሚሠሩት ኡቡንቱ በተባለው ነፃ ሥርዓተ ክወና ነው። አንድ መምህር በአማርኛና በጉሙዝኛ ያዘጋጁትን ጽሑፍ በፍላሽ ዲስክ ይዘው መጥተው ሲከፍቱት አማርኛው በትክክል ይነበባል፤ በጉሙዝኛው ቃላት ውስጥ ግን አንዳንዶቹ ፊደላት በባዶ ሳጥን ተተክተው ይታያሉ። ከተማሪዎቹ አንዱ ችግሩን መርምሮ የጎደለውን ፎንት ይጭናል። መምህሩ ጽሑፋቸውን ማረም እንዲችሉም የአማርኛውን የአጻጻፍ ሰንጠረዥ ፋይል ከፍቶ የጉሙዝኛዎቹን ፊደላት ይጨምርበታል። ሁሉም ነገር ይሠራል። ከጥቂት ወራት በኋላ ኮምፒዩተሮቹ ሲታደሱ ግን የተጨመሩት ፊደላት ከሰንጠረዡ ይጠፋሉ። ማንም አልሰረዛቸውም፤ ቫይረስም አልገባም። ኮምፒዩተሩ የታዘዘውን በትክክል ፈጽሟል።

ታዲያ ስህተቱ የቱ ላይ ነው? ተማሪው የለወጠው ነገር ትክክል ነበር፤ ትክክል ያልነበረው የለወጠበት ቦታ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሶፍትዌር ጥቅሎች እንዴት እንደሚተዳደሩ፣ ተጠቃሚው እነርሱን ለራሱ ፍላጎት ሲያስማማ ለውጡን የት ማስቀመጥ እንዳለበት፣ አንድ ጊዜ የደከመበትን ሥራስ እንዴት ከእድሳት እንደሚያድነው እንመለከታለን። የትእዛዞችንና የፋይሎችን ስሞች እንደሚነበቡ በፊደላችን ጽፈናቸዋል፤ በኮምፒዩተር ላይ ሲተየቡ ግን በላቲን ፊደል መሆኑን አንባቢ ያስታውስ።

ጥቅልና አስተዳዳሪው

ጥቅል፣ በተለምዶ ፓኬጅ የሚባለው፣ አንድ ፕሮግራም የሚያስፈልጉትን ፋይሎች ሁሉ በአንድነት የያዘ የታመቀ ፋይል ነው። ከፋይሎቹ በተጨማሪ ስለራሱ የሚናገር መግለጫ ይዟል፦ ስሙን፣ የእትሙን ቁጥር፣ ያዘጋጀውን አካል፣ እንዲሁም እንዲሠራ አስቀድመው መኖር ያለባቸውን ሌሎች ጥቅሎች። ይህ የመጨረሻው «ጥገኝነት» ይባላል።

የጥቅል አስተዳዳሪ ደግሞ ጥቅሎችን የሚጭን፣ የሚያድስና የሚያስወግድ፣ የእያንዳንዱ ጥቅል ፋይሎች የት እንዳሉም የሚመዘግብ ፕሮግራም ነው። እንደ ምሳሌ የምንወስደው የዴቢያንን ሥርዓት ነው። ዴቢያን እ.ኤ.አ. በ1993 በኢያን መርዶክ የተመሠረተ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2004 በደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ ድጋፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው ኡቡንቱም የተገነባው በእርሱ ላይ ነው። በዚህ ሥርዓት ሥራው ለሁለት ተከፍሏል። «ዲፒኬጂ» የተባለው ፕሮግራም አንድን ጥቅል ፈትቶ ፋይሎቹን በየቦታቸው ያስቀምጣል። ከእርሱ በላይ ያለው «አፕት» ደግሞ ጥገኝነቶችን አስልቶ የሚያስፈልጉትን ጥቅሎች ከማከማቻ ያመጣል።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ጠቃሚ ነገር አለ። የጥቅል አስተዳዳሪው በመዝገቡ ላይ «ይህ ፋይል የዚህ ጥቅል ነው» ብሎ የጻፈውን ፋይል እንደ ራሱ ንብረት ይቆጥረዋል። አዲስ እትም ሲመጣ አሮጌውን አንሥቶ አዲሱን ለማስቀመጥ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።

ሳጥኑ ከየት መጣ?

ወደ ጉሙዝኛው ጽሑፍ እንመለስ። ኮምፒዩተር ፊደልን የሚያውቀው በቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ለኢትዮጵያ ፊደል የተዘጋጁት ሶፍትዌሮች የየራሳቸውን ቁጥር ይሰጡ ስለነበር በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲገባ ከ4608 እስከ 4991 ያሉት ቦታዎች ተመደቡለት። «ሀ» 4608 ሆነች፤ «ለ» ደግሞ 4616።

ይህ የመጀመሪያ ምድብ ግን በኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሁሉ ያሉትን ድምፆች አያካትትም ነበር። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2005 በዩኒኮድ 4.1 ተጨማሪ ፊደላት ገቡ። እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኒኮድ 6.0 ደግሞ ከ43776 እስከ 43823 ያለው ምድብ ተከፈተ። በዚህ ምድብ ውስጥ ለጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ፣ ለባስኬቶና ለጉሙዝኛ የሚያገለግሉ 32 ፊደላት ይገኛሉ። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልልና ከድንበር ማዶ በሱዳን የሚነገረው ጉሙዝኛ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ የሚያስፈልጉት ከእነዚህ ውስጥ 14 ናቸው፤ እነርሱም በሁለት ረድፍ ሰባት ሰባት ሆነው ተቀምጠዋል፦

ꬠ ꬡ ꬢ ꬣ ꬤ ꬥ ꬦ
ꬨ ꬩ ꬪ ꬫ ꬬ ꬭ ꬮ

ባዶ ሳጥን ማለት ኮምፒዩተሩ ቁጥሩን አግኝቷል፣ ቅርጹን ግን የያዘ ፎንት አላገኘም ማለት ነው። ጽሑፉ አልተበላሸም። አማርኛው የተነበበው የተጫነው ፎንት የመጀመሪያውን ምድብ ስለሚያውቅ ነው፤ ጉሙዝኛው ያልተነበበው የ2010ሩን ምድብ ስለማያውቅ ነው።

እንግዲህ መምህሩ የሚያስፈልጓቸው ነገሮች ሦስት ናቸው፦ ፊደላቱን የሚያሳይ ፎንት፣ ፊደላቱን የሚያስገባ የአጻጻፍ ዘዴ፣ እንዲሁም ቀንንና ቁጥርን በአገሩ ልማድ የሚያቀርብ የቋንቋ ቅንብር። ሦስቱም በጥቅል መልክ ይገኛሉ። ፎንቱ «ፎንትስ ሲል አቢሲኒካ» በተባለው ጥቅል፣ የአጻጻፍ ሰንጠረዦቹ «ኤም 17 ኤን ዲቢ» በተባለው፣ የቋንቋ ቅንብሩ ደግሞ «ሎካልስ» በተባለው ውስጥ አሉ።

የማን ፋይል ነው?

በኪራይ ቤት የሚኖር ሰው ግድግዳው ላይ በኖራ ሥዕል ቢሥል ባለቤቱ ቤቱን ሲያድስ ሥዕሉ በቀለም ይሸፈናል። ሥዕሉን በፍሬም አድርጎ ቢሰቅለው ግን ከቀለሙ በኋላ መልሶ ይሰቅለዋል። በሥርዓተ ክወናውም ውስጥ የባለቤቱና የተከራዩ ቦታ ተለይቶ ተቀምጧል።

አንደኛው «ዩኤስአር» የተባለው ማህደር ነው። በውስጡ ያሉት ፕሮግራሞች፣ ፎንቶችና ሰንጠረዦች የጥቅሉ ንብረት ናቸው፤ በእድሳት ጊዜ ያለ ጥያቄ ይተካሉ። ከዚህ የሚለየው «ዩኤስአር ሎካል» የተባለው ንዑስ ማህደር ነው፤ ይህ ለኮምፒዩተሩ ኃላፊ የተተወ ስለሆነ ጥቅሎች በውስጡ ፋይል አያስቀምጡም።

ሁለተኛው «ኢቲሲ» ነው። የቅንብር ፋይሎች የሚገኙት በዚህ ማህደር ነው። ፋይሎቹን መጀመሪያ የሚያመጣቸው ጥቅሉ ቢሆንም ኃላፊው እንዲለውጣቸው ተፈቅዷል።

ሦስተኛው የተጠቃሚው የግል ማህደር ነው። የጥቅል አስተዳዳሪው በዚህ ማህደር ውስጥ ያለውን አይነካም።

በ«ኢቲሲ» ውስጥ ያለ የቅንብር ፋይል በእድሳት ጊዜ ምን ይደርስበታል? ዲፒኬጂ ጥቅሉን ሲጭን የቅንብር ፋይሉን አሻራ፣ ማለትም ከይዘቱ የተሰላ አጭር ቁጥር፣ መዝግቦ ይይዛል። ከይዘቱ አንዲት ፊደል ብትለወጥ አሻራው ይለወጣል። አዲስ እትም ሲመጣ የተመዘገበውን አሻራ አሁን ዲስኩ ላይ ካለው ፋይልና ከአዲሱ እትም ፋይል ጋር ያነጻጽራል። ውጤቱ ከአራት አንዱ ይሆናል።

1. እኛም ጥቅሉም ፋይሉን ካልለወጥን ምንም የሚደረግ ነገር የለም።
2. እኛ ሳንለውጠው ጥቅሉ ከለወጠው አዲሱ ፋይል አሮጌውን በዝምታ ይተካል።
3. እኛ ለውጠነው ጥቅሉ ካልለወጠው የእኛ ፋይል እንዳለ ይቆያል።
4. እኛም ጥቅሉም ከለወጥነው ዲፒኬጂ ሥራውን አቁሞ የቱ እንዲቀር ይጠይቀናል።

በአራተኛው ሁኔታ ምንም ሳንመርጥ «ኢንተር» ብንጫን የሚቀረው የእኛ ነው፤ አዲሱ ፋይል ግን «ዲፒኬጂ ዲስት» የሚል ጭራ ተጨምሮለት ከጎኑ ይቀመጣል። አዲሱን ብንመርጥ ደግሞ የእኛው «ዲፒኬጂ ኦልድ» በሚል ጭራ ይቆይልናል። ከመወሰናችን በፊት የሁለቱን ልዩነት እንዲያሳየን ማዘዝም እንችላለን። ብዙዎች ይህን ጥያቄ ሳያነቡ ያልፉታል፤ አንድ ደቂቃ ሰጥቶ ልዩነቱን ማንበብ ግን የሰዓታት ድካም ያድናል።

አሁን የተማሪው ስህተት ግልጽ ይሆናል። የአማርኛው የአጻጻፍ ሰንጠረዥ የሚገኘው በ«ዩኤስአር» ሥር ነው። የቅንብር ፋይል ተብሎ ስላልተመዘገበ ዲፒኬጂ አሻራ አላነጻጸረም፤ ጥያቄም አልጠየቀም። በኪራይ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሣለ ሥዕል ነበር።

ሦስቱን ቅንብሮች በትክክለኛው ቦታ

ሀ. የቋንቋ ቅንብር። አንዳንድ ጥቅሎች ሲጫኑ ለኃላፊው ጥያቄ ያቀርባሉ፤ መልሶቹንም «ዴብኮንፍ» የተባለው ክፍል ይመዘግባል። ሐሳባችንን ስንለውጥ ጥቅሉን አስወግዶ እንደገና መጫን አያስፈልግም። «ዲፒኬጂ ሪኮንፊገር» ከሚለው ትእዛዝ ቀጥሎ የጥቅሉን ስም፣ በዚህ ምሳሌ «ሎካልስ»ን፣ ስንጽፍ ጥያቄዎቹ እንደገና ይቀርባሉ። ከሚመጣው ዝርዝር አማርኛ ለኢትዮጵያ የሚለውን እንመርጣለን። በዝርዝሩ ውስጥ ትግርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አፋርኛ፣ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛና ግዕዝም ይገኛሉ። ጉሙዝኛና በርታ ግን በዝርዝሩ የሉም፤ ይህ ለወደፊት ባለሙያዎች የቀረ ሥራ ነው።

ለ. ፎንት። የአቢሲኒካ ጥቅል ከተጫነ በኋላ ሳጥኖቹ በፊደላት ይተካሉ። በኮምፒዩተሩ ላይ ብዙ ፎንቶች ካሉና ለኢትዮጵያ ፊደል አቢሲኒካ ቅድሚያ እንዲያገኝ ከፈለግን ግን ምርጫችንን መጻፍ አለብን። የፎንት ምርጫን የሚያስተዳድረው «ፎንትኮንፊግ» ዋና የቅንብር ፋይል አለው፤ በመግቢያው ላይ ፋይሉ በእድሳት ጊዜ ስለሚተካ እንዳይነካ፣ የአካባቢው ለውጥ «ሎካል ኮንፍ» በተባለ ሌላ ፋይል እንዲጻፍ ራሱ ያስጠነቅቃል። ይህ ፋይል ከጥቅሉ ጋር አይመጣም፤ እኛ እንፈጥረዋለን፤ ፎንትኮንፊግም ካገኘው ያነበዋል። ዋናውን ፋይል ከመቁረጥና ከመቀጠል ይልቅ ከጎኑ ትንሽ ፋይል መጨመር በብዙ ሶፍትዌሮች ዘንድ የተለመደ ጥሩ ዘዴ ነው።

ሐ. የአጻጻፍ ሰንጠረዥ። የአማርኛው ሰንጠረዥ «ሴራ» በተባለው፣ በይትና ፍርድይወቅና በዳንኤል ያዕቆብ በተነደፈው የአጻጻፍ ሥርዓት ላይ የተመሠረተ ነው። የላቲኑን ኤስና ኢ ተከታትለን ስንጫን «ሰ» ይወጣል። ሰንጠረዡ ተራ የጽሑፍ ፋይል ሲሆን ሦስት ክፍሎች አሉት፦ የዘዴውን ስም የሚናገር ራስጌ፣ የትኛው የቁልፎች ቅደም ተከተል የትኛውን ፊደል እንደሚሰጥ የሚዘረዝር ካርታ፣ ካርታው መቼ በሥራ ላይ እንደሚውል የሚወስን ሁኔታ። ለ14ቱ የጉሙዝኛ ፊደላት 14 መስመሮች ያሉት የራሳችንን ካርታ በአዲስ ፋይልና በአዲስ ስም እንጽፋለን። የአማርኛውን ካርታ መገልበጥ አያስፈልገንም፤ ሥርዓቱ አንዱ ሰንጠረዥ የሌላውን ካርታ እንዲያካትት ስለሚፈቅድ በአንድ መስመር እንጠራዋለን። በዚህ መንገድ የአማርኛው ሰንጠረዥ ወደፊት ቢሻሻል ማሻሻያው ለእኛም ይደርሰናል። ፋይሉን በግል ማህደራችን ውስጥ «ኤም 17 ኤን ዲ» በሚል ስም በምንፈጥረው ስውር ማህደር ካስቀመጥነው እድሳት አይደርስበትም።

ከአንድ ኮምፒዩተር ወደ ክፍሉ

እስካሁን የሠራነው ለአንድ ተጠቃሚ ነው። በ20 ኮምፒዩተሮች ላይ አንድ በአንድ እየዞሩ መሥራት አድካሚ ነው፤ ለስህተትም ያጋልጣል። መፍትሔው ማስተካከያችንን ራሱን ጥቅል ማድረግ ነው።

ቀላል ጥቅል ለመሥራት የፕሮግራም ደራሲ መሆን አያስፈልግም። አንድ ማህደር እንፈጥራለን። በውስጡ ሰንጠረዡ በመጨረሻ የሚቀመጥበትን መንገድ በ«ዩኤስአር» ሥር እንዳለው አድርገን እንሠራና ፋይላችንን እናኖርበታለን። ከዚያም «ዴቢያን» በሚል ስም ሌላ ንዑስ ማህደር ከፍተን «ኮንትሮል» የተባለ አጭር ፋይል እንጽፍበታለን። በዚህ ፋይል የጥቅሉን ስም፣ የእትም ቁጥር፣ የአዘጋጁን ስምና አጭር መግለጫ እናሰፍራለን። በጥገኝነት መስመሩ ላይ የአቢሲኒካን ፎንትና የአጻጻፍ ዘዴውን ጥቅሎች እንጠቅሳለን። «ዲፒኬጂ ዴብ» በሚለው ትእዛዝ ማህደሩን ስናሽግ ጥቅላችን ይወጣል። ከዚያ በኋላ አፕት በእያንዳንዱ ኮምፒዩተር ላይ ይህን አንድ ጥቅል ሲጭን ፎንቱንም ሌላውንም አብሮ ያመጣል።

ቀደም ሲል ተማሪው በ«ዩኤስአር» ውስጥ መጻፉ ስህተት ነው ብለን አሁን በዚያው ማስቀመጣችን ግራ ሊያጋባ ይችላል። ልዩነቱ ምዝገባው ነው። አሁን ፋይሉ የራሱ ስም አለው፤ በመዝገቡም ላይ የእኛ ጥቅል ንብረት ተብሎ ሰፍሯል። ሌላ ጥቅል በተመሳሳይ ስም ፋይል ላስቀምጥ ቢል ዲፒኬጂ ይከለክለዋል። በዚሁ ምክንያት እኛም የአማርኛውን ሰንጠረዥ በራሱ ስም ለመተካት ብንሞክር እንከለከላለን።

የዴብኮንፍ መልሶችም አስቀድመው በጽሑፍ ፋይል ተዘጋጅተው ለ20ዎቹ ኮምፒዩተሮች ሊሰጡ ይችላሉ። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታ ደግሞ አፕት ያወረዳቸውን ጥቅሎች በ«ቫር» ሥር በሚገኘው ጊዜያዊ ማከማቻው ውስጥ ስለሚያኖር፣ በአንድ ኮምፒዩተር አውርዶ ለሌሎቹ በፍላሽ ዲስክ ማድረስ ይቻላል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አፕት ከማከማቻ የሚያመጣቸውን ጥቅሎች ትክክለኛነት በዲጂታል ፊርማ ያረጋግጣል፤ በእጅ የመጣ ጥቅል ግን በዚህ ፍተሻ ላያልፍ ስለሚችል ከማን እንደመጣ ማወቅ የእኛ ኃላፊነት ይሆናል።

ከዚህ በላይ ሲያስፈልግ

አንዳንድ ጊዜ የምንፈልገው ለውጥ በቅንብር ፋይል የማይደረስበት፣ በፕሮግራሙ ውስጥ ያለ ነገር ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ የምንጭ ኮዱን አውርደን፣ ለውጠን፣ ጥቅሉን እንደገና መገንባት ይቻላል። በእትሙ ቁጥር መጨረሻ ላይ የደመር ምልክትና «ሎካል 1» የሚል ጭራ ብንጨምር አስተዳዳሪው የእኛን ከነባሩ የበለጠ አዲስ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ከአዘጋጆቹ ቀጣዩ እትም ሲወጣ ግን እርሱ ይበልጣል። እንደ ጄንቱ ባሉ ሥርዓቶች ደግሞ ይህ የዕለት ተዕለት አሠራር ነው፤ ተጠቃሚው «ዩዝ ፍላግ» በተባሉ ምልክቶች የሚፈልገውንና የማይፈልገውን ክፍል አስቀድሞ ይመርጣል፤ ጥቅሉም በዚያ መሠረት ከምንጭ ኮዱ ይገነባል። የሚከፈለው ዋጋ የግንባታው ጊዜ ነው።

ሌላው አማራጭ «አፕት ማርክ ሆልድ» በሚል ትእዛዝ ጥቅሉ እንዳይታደስ ማገድ ነው። ለውጣችን እንዳይጠፋ ያደርጋል፤ ነገር ግን የደኅንነት ማሻሻያዎችንም አብሮ ይከለክላል። በር እንዳይከፈት ፈርቶ ቁልፉን ወንዝ ውስጥ መጣል ይሆናል። ለአጭር ጊዜ ካልሆነ በቀር አንመክረውም።

ማጠቃለያ

ቅንብርን ማስማማት ማለት ሌሎች የወሰኑትን በራስ ውሳኔ መተካት ነው። የጥቅል አስተዳዳሪ ውሳኔያችንን የሚያከብርልን በሚያውቀው ቦታ ስናስቀምጥለት ብቻ ነው፤ ይኸውም በግል ማህደር፣ በ«ኢቲሲ»፣ ወይም በራሳችን ጥቅል ውስጥ። የጉሙዝኛ ፊደላት በዩኒኮድ ቦታ እንዲያገኙ ዓመታት ፈጅቷል። በአንድ ክፍል ውስጥ በአንድ እድሳት እንዳይጠፉ ማድረግ ግን ከአንድ ተማሪ ከሰዓት በኋላ ሥራ አያልፍም። ያ ተማሪ የሠራው ጥቅል በአሶሳ፣ በግልገል በለስ ወይም በካማሺ ላለ ሌላ ክፍል ሳይለወጥ ያገለግላል።

ለተማሪዎች የቀረበ መልመጃ

1. ፎንቶችን የሚዘረዝረውን «ኤፍሲ ሊስት» የተባለ ትእዛዝ በመጠቀም በኮምፒዩተራችሁ ላይ «ꬨ»ን የሚያውቁት ፎንቶች የትኞቹ እንደሆኑ ለዩ።
2. በ«ኢቲሲ» ውስጥ አንድ የቅንብር ፋይል መርጣችሁ የየትኛው ጥቅል ንብረት እንደሆነ «ዲፒኬጂ»ን ጠይቁ። ፋይሉን ብትለውጡትና ጥቅሉ ቢታደስ ከአራቱ ሁኔታዎች የትኞቹ ሊያጋጥሙ ይችላሉ?
3. አንድን ጥቅል በማስወገድና ከነቅንብሩ በማጥፋት መካከል ያለውን ልዩነት በ«አፕት» ሞክራችሁ በ«ኢቲሲ» ውስጥ የቀረውን ፋይል መዝግቡ።